እንጥል የሌለው መጽሐፍ

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ልጄ በላችው። እያጋነንኩ አይደለም። ባለቤቴ መምህርት ናት፤ የምታስተምረው ዜሮ ክፍል ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ዓይን፣ ጆሮ፣ እጅና እግር የተሣሉበት ቀጭን መጽሐፍ ገዝታ መጣችና ልጃችንን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታሳያት ጀመር። ልጅቷ ገና ዓመቷን ማለፏ ነበር። እኔ ሳቅሁ። የራሷን አፍንጫ ከእሷ የበለጠ ማን ያውቀዋል፣ ጣቷ የት ነው የሚውለው አልኩ። ባለቤቴ ተማሪዎቿን በምታይበት ዓይን አየችኝ። "ስሙን ስታውቅ ነው የሚያማትን የምትነግርህ" አለች። የተቆጣች ጊዜ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ያኔ ነው የምፈራት።

መጽሐፉ ሁለት ቀን ቆየ። ልጅቷ ከእግር ጀመረች። መጀመሪያ ላሰችው፣ ቀጥሎ ጣቶቹን ገነጠለች፤ እናቴ ደርሳ ከአፏ እስክታወጣባት ድረስ የሥዕሉ ልጅ ከጉልበቱ በታች አልቆ ነበር። እናቴ ከእኛው ጋር ነው የምትኖረው፤ እኛ ሥራ ስንውል ልጅቷን የምትይዘው እሷ ናት። የታኘከውን ወረቀት መዳፏ ላይ አድርጋ ለባለቤቴ አሳየቻትና "ትምህርቱስ ሆዷ ገብቷል" አለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ቆቦ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ የስፌት መኪናዬን በረንዳው ላይ አውጥቼ እሰፋለሁ። ከእኔ የተሻለ ሱሪ የሚሰፋ አለ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የለበሱትን ሱሪ አይቼዋለሁ። እንግዲህ ያ መጽሐፍ ተበልቶ ባለቤቴ ሌላ ልግዛ ስትል ነገሩ ከክብሬ ጋር ተያያዘ። ቤቱ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተሞልቶ ወረቀት የሚገዛበት ምን ምክንያት አለ አልኩ። እኔ እሰፋለሁ፣ እስከ ልጅ ልጇ ድረስም አይቀደድም አልኩ።

ሳምንት ፈጀብኝ። የሰዎችን ልብስ እያስጠበቅሁ፣ "ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና" እያልኩ ነው የሠራሁት። ገጾቹን ከወፍራም ጂንስ ቆርጬ ጠርዛቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ ሰፋሁ። ዓይኖቹ ሁለት የኮት ቁልፎች ነበሩ። አፉ ዚፕ ነው፤ ሲከፈት ቀይ ገበር ምላስ ሆኖ ይወጣል። ሆዱን ኪስ አደረግሁት፤ ኪሱ ውስጥ ከቢጫ ጨርቅ የተሠራ ዳቦ አለ። ፀጉሩ ከተረፈ የሹራብ ክር ነው። ግን እጄን ያሳየሁበት ገጽ ጆሮው ነበር። ከቡናማ የኮት ጨርቅ ቆረጥኩትና መሃሉ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ አወጣሁለት፣ በእጅ የተሰፋ፣ ለሙሽራ ኮት የማወጣውን ዓይነት። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ቁልፍ በክር አንጠለጠልኩ። ቁልፏን ወደ ቀዳዳው ስታስገባ ጆሮ ይዘጋል፤ ስታወጣ ጆሮ ይከፈታል። ቀዳዳ ያለ ቁልፍ ሲቀመጥ ማየት አልችልም፣ ሃያ ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው።

ባለቤቴ ገጽ በገጽ አየችውና ወደደችው። ጆሮው ላይ ስትደርስ ክሩን ሳብ ሳብ አድርጋ "ይቺ አትነቀልም?" አለች። አትነቀልም አልኩ፣ ቅር ብሎኝ። እናቴ ግን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ካገላበጠችው በኋላ "እንጥሉስ?" አለች።

"የምን እንጥል እማ?"

"እንጥል ነዋ። ከአፍ ቀጥሎ ምንድነው ያለው? ዋናውን ትተህ ፀጉር ትተክላለህ?"

በእኛ አገር ሕፃን አልውጥ ሲል፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲያተኩሰው መጀመሪያ የምትጠረጠረው ከጉሮሮ በላይ የምትንጠለጠለዋ ሥጋ ናት። "እንጥሉ ወርዷል" ይባላል። ከዚያ የሚቆርጥ ሰው ይጠራል። ጤና ጣቢያዎቹ ይሄን ነገር ተዉ ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ባለቤቴም ወሬው ሲነሳ ክፍሉን ለቃ ትወጣለች። እኔ ራሴ በሕፃንነቴ የተቆረጥኩ ነኝ። ዚፑን ከፈትኩና "ውስጥ አለ በይ እንግዲህ" አልኳት። ጎንበስ ብላ አየች። "የለም" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን "ያ እንጥል የሌለው" ነበር የምትለው።

ልጅቷ ግን መጽሐፉን ከእኛ ሁሉ አስበልጣ ወደደችው። ይዛው ትተኛለች፣ ይዛው ትነሳለች። ሆዱን ማንም ሳያስተምራት በኪሱ በኩል ቀጥታ ትመግበው ነበር፤ ስኳር፣ ቆሎ፣ እኔ ጨርቅ የማሰምርበትን ጠመኔ፣ አንድ ጊዜም ግማሽ ሙዝ። ሙዙን ያገኘነው ሽታውን ተከትለን ነው። አፍ ማለት ዚፕ መሆኑንም ቶሎ ነበር የያዘችው። አንድ ቀን ሱቅ ይዣት ውዬ፣ የተከበሩ አንድ ሰው፣ ጢማቸውን አበጥረው፣ የሱሪያቸው ዚፕ እምቢ ብሏቸው መጡ። ሱሪውን እንደለበሱ ችግሩን ሊያሳዩኝ ጣታቸውን ሲያመለክቱ ልጄ ከጨርቅ ክምሩ ላይ ቀና አለችና በጠራ አንደበት "አፍ" አለች። ሰውየው ወደ እሷ፣ ከዚያ ወደ ሱሪያቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። መጽሐፉን አውጥቼ እስካስረዳቸው ድረስ ላብ አጠመቀኝ። ሱሪውን በነፃ ሠራሁላቸው።

ጆሮን ግን የሚያህል አልነበረም። ቁልፏን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀዳዳው አፍ ላይ ታደርጋታለች፣ ከዚያ በሌባ ጣቷ እስከ መጨረሻው ትገፋታለች፤ ስትገባላት "ጥ" ትላለች። እኔ አጨበጭባለሁ። ጎረቤት በመጣ ቁጥር፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር "እስቲ ጆሮን አሳዪያቸው" ነው። እሷ "ጥ" ትላለች፣ እኔ አጨበጭባለሁ፣ ሰውም ያጨበጭባል። ባለቤቴ "ሌሎቹንም ገጾች አስጠናት እንጂ" ትለኝ ነበር። የሰው ልጅ በጥሩ የቁልፍ ቀዳዳ ሲደሰት ማየት ለልብስ ሰፊ ምን ማለት እንደሆነ ለመምህር ማስረዳት ይከብዳል።

ዘንድሮ ማሽላ የታጨደ ሰሞን ባለቤቴ ለሦስት ቀን ስልጠና ወልድያ ሄደች። በሄደች ማግስት ልጅቷ ምግብ እምቢ አለች። መጀመሪያ እናቷ ናፍቃት ነው አልን። ማታ ላይ ወተቱንም ገፋችው። በሁለተኛው ቀን ለመዋጥ ስትሞክር ፊቷ ይጨማደድና ታለቅሳለች፤ ለሀጯ አገጯ ላይ ይወርዳል፤ ግንባሯም ሞቅ ብሏል። ፋርማሲ ሄጄ የትኩሳት ሽሮፕ ገዛሁ፤ እሱንም ተፋችው፣ አብዛኛውን እኔ ላይ። እናቴ ልጅቷን ጭኗ ላይ አጋደመችና አፏን ለማየት ሞከረች። አልከፈተችላትም። ማየትም አላስፈለጋት።

"እንጥሏ ነው" አለች። "ሳትውጥ እያየሃት ነው እኮ።"

ወልድያ ደወልኩ። ባለቤቴ መስመሩ እየተቆራረጠ "ጤና ጣቢያ ውሰዳት፣ አሁኑኑ፣ ጉሮሮዋን ማንም እንዳይ..." ብላ ኔትወርኩ ጠፋ። እንዳይ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። እናቴም አውቃዋለች፣ አጠገቤ ነበረች። እንዲያም ሆኖ ከሮቢት በኩል የሚመጣ አንድ ሰው እንዳለ፣ ነገ የገበያ ቀን ስለሆነ በጠዋት ቆቦ እንደሚገባ፣ እጁ ቀላል እንደሆነ ነገረችኝ። "የአንተን የቆረጠልህ አባቱ ነው" አለች።

እውነቱን ልናገር። እሺ አልኩ። አንድ ቀን ሙሉ ስትንሰቀሰቅ የዋለች ልጅ ይዤ፣ የሚያማት የት እንደሆነ ሳላውቅ፣ ፊት ለፊቴ ደግሞ በእርግጠኝነት የምትናገር እናቴ ቆማ፣ ማንም እርግጠኛ የሆነ ሰው የሚለኝን እሺ የምልበት ሰዓት ነበር። እኔስ ተቆርጬ ይኸው አድጌ የለም ወይ አልኩ ለራሴ። "ይምጣ" አልኳት። ለባለቤቴ መልሼ አልደወልኩላትም። ፈሪ ነኝ፣ ያን ቀን በደንብ አወቅሁት።

በማግስቱ በጠዋት ግቢ ውስጥ ተቀምጠናል። እናቴ ሰፌድ ላይ ማሽላ ዘርግታ ትለቅማለች፤ እጇ ሥራ ከፈታ ጭንቀቷ ይብሳል። እኔ ልጅቷን አቅፌ በሩን አያለሁ። ማልቀሱ ደክሟት ትነጫነጫለች። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ መጽሐፉን አመጣሁላት። በእኛ ቤት "ኡፍ" ማለት ቁስል ነው፤ ስትወድቅ እፍ እያልን ስለምናባብላት ከዚያ የወሰደችው ነው። "ኡፍ የቱ ጋ ነው?" አልኳት። ዓይኑን አሳየኋት፤ ፊቷን አዞረች። "እዚህ ነው ኡፍ?" ሆዱን አሳየኋት፤ እጇን እንኳ አላነሳችም። አፉን ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ዚፑን ያዘችና ዘጋችው፣ ሌላ ምንም።

ጆሮው ላይ ስንደርስ ከጭኔ ወረደች። ወደ እናቴ ሰፌድ ሄደች፤ አንዲት ፍሬ ማሽላ በሁለት ጣቷ ለቀመችና ተመለሰች። የተንጠለጠለችውን ቁልፍ ወደ ጎን ገፋቻት። ማሽላዋን ቀዳዳው አፍ ላይ አደረገቻት፣ በሌባ ጣቷ እስከ መጨረሻው ገፋቻት፣ "ጥ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ "ኡፍ" አለች።

አላጨበጨብኩም።

ፀሐዩ ወዳለበት ወስጄ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ ግራ ጆሮዋን አየሁ። ደህና ነው። ቀኙን ገና ስነካው ጮኸች። ውስጡ ቀልቷል፤ ከቅላቱ ጀርባ አንድ ክብ ነገር አለ። የሱቄ መርፌዎች ኪሴ ውስጥ ነበሩ፤ እጄ ሳላዘው ወደዚያው ሄደ። የገባ ነገር በመርፌ ይወጣል፣ እኔ የማውቀው ይሄን ነው። እናቴ አንጓዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። "ተው" አለች። "ጆሮ ነው፣ ጨርቅ አይደለም። ባጃጅ ጥራ።"

ባጃጁ በሩ ላይ ሲቆም ሰውየውም ትንሽ ቦርሳውን ይዞ ደረሰ። ደልደል ያለ፣ ትሁት ሰው ነው፤ ባየው ክፉ ይመስለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀበለችው። ምን ትል ይሆን ብዬ ልጅቷን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። "እንኳን ደህና መጣህ" አለችው፣ "የዛሬው ጆሮ ነው። ያንተ ሥራ አይደለም። ግባና ሻይ ጠጣ፣ ጎረቤቴ ታፈላልሃለች፤ እኛ ጤና ጣቢያ ደርሰን እንመጣለን።" ሰውየው ገባ። በኋላ እንደሰማሁት ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ሄዷል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለችን ነርስ ልጅቷን በነጠላ ጥቅልል አድርጋ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ራሷን አጥብቀህ ያዝ አለች። ቀጭን መንጠቆ ነገር አስገባች። ልጄ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ይሰማኛል፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እያለቀስኩ ነበር፣ አልደብቅም። ሲወጣ ነርሷ የማሽላ ፍሬዋን ፋሻ ላይ አስቀምጣ አሳየችን። እርጥበት ጠጥታ አብጣለች። "ትንሽ ብትቆይ ትበቅል ነበር" አለች። ጆሮው ተቆጥቶ ስለነበር መንጋጋዋን ስታንቀሳቅስ፣ ስትውጥም እንደሚያማት፣ ምግብ ያስጠላትም ይኼው እንደሆነ ነገረችን። ጠብታ አዘዘችልን። ከዚያ ካርዱን እየጻፈች "ጆሮ ውስጥ ዕቃ መክተት ከየት ተማረችው?" አለች።

እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"አባቷ ነዋ" አለች እናቴ። "መጽሐፍ ሰፍቶ ነው ያስተማራት። ማጨብጨብም ነበረው።"

መጽሐፉን ለነርሷ ማሳየት ግድ ሆነብኝ። የጆሮውን ገጽ ለረጅም ጊዜ አየችው። ቀዳዳው ውስጥ ማሽላዋ አሁንም አለች። "ስፌቱ ያምራል" አለች በመጨረሻ፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ዕለት ማታ ቀዳዳውን ደፈንኩት። ለሌላ ሙያ ሰው የማይመጣ ስህተት ነው፤ ጆሮን ያህል ነገር ቁልፍ የሚገባበት አድርጎ የሚያስብ እኔ ብቻ ነኝ።

ልንወጣ ስንል እናቴ አልተነሳችም። "ጉሮሮዋንም እይልኝ የእኔ ልጅ" አለቻት ነርሷን። ነርሷ ምላሷን በእንጨት ጫን አድርጋ መብራት አበራችና "ይኸው እማማ፣ ራስዎ ይዩት" አለቻት። እናቴ መነጽሯን ከቀሚሷ ኪስ አወጣች፣ አደረገች፣ ጎንበስ አለች። በዕድሜዋ ጤነኛ እንጥል አይታ የምታውቅ አይመስለኝም፤ የሚታየው ሊቆረጥ ሲል ነበር። "ደህና ናት" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "የእሱንም እይልኝ።"

"የእኔን ለምን?"

"ክፈት።"

ሪዜ የሸበተ፣ የቤት አባወራ የሆንኩ ሰው አፌን ከፈትኩ። ነርሷ መብራቱን ይዛ አየች፣ እናቴም ከትከሻዋ በላይ ተንጠራርታ አየች። የእንጥሉ ቦታ ባዶ ነው። እናቴ መነጽሯን አውልቃ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ስንመለስ ልጅቷ ባጃጁ ውስጥ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሁለት ቀን ስላልተኛች አፏን ከፍታ ነበር የምታንኮራፋው። ለባለቤቴ ደውዬ ሁሉንም፣ "ይምጣ" ያልኩትንም ጭምር ነገርኳት። ስመለስ እናወራለን ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ዘጋችው። እናቴ አጠገቤ ሆና ሰምታዋለች። እኔን ሳታይ፣ አስፋልቱን እያየች "አንተ ከተቆረጥክ በኋላም ሁለት ቀን አልቅሰሃል" አለች።

"ቁስሉ ይሆናላ፣ እማ።"

"እኛም እንደዚያ ነው ያልነው። ግን ያው የበፊቱ ለቅሶ ነበር። እናት ታውቀዋለች። ሌላ ቦታ ነበር የሚያምህ።"

"ዳንኩ አይደል?"

"ዳንክ። የት እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።"

እጇን ዘረጋችና ጆሮዬን ያዘች፣ በገበያ ላይ ጨርቅ እንደምትዳብስ አድርጋ ዳበሰችው። "እዚህ ይሆን?" አለች። ራሴን ነካችኝ። "ወይስ እዚህ?" እየቀለደች መስሎኝ ልስቅ ፊቷን አየሁት። አልቀለደችም። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ የምር እየጠየቀችኝ ነበር። የዚያን ዕድሜ ማን ያስታውሳል? አላስታውስም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እጇ ሆዴ ላይ ሲደርስ ግን "እዚህ ነበር መሰለኝ፣ እማ" አልኳት።

"ሆድህን" አለች። "ሆድህን ነበራ።"

ከዚያ ሸሚዜን በመዳፏ ታሸው ጀመር፣ ክብ ክብ እያደረገች፣ ቀስ እያለች። ነጂው በመስታወቱ አየንና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ቤት እስክንደርስ ድረስ እጇን አላነሳችም።